ጭራቅ ለመሆን ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ፒያሳ አካባቢ በሚለማመድ አንድ የቴአትር ቡድን ውስጥ ተዋናይት ነኝ። ለልጆችና ለወላጆች በሚቀርብ አዲስ ተውኔት ጭራቁን እንድጫወት ተመድቤአለሁ። ፊቴ በጭምብል ይሸፈናል፤ አንድም ቃለ ተውኔት የለኝም። አዘጋጁ በየልምምዱ ‹አስፈሪያቸው እንጂ!› ይለኛል፤ እኔ ሳገሳና ጥፍሬን ሳወጣ ግን ጓደኞቼ ይስቃሉ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ56 ነው። ከመድረኩ በኋላ ታሪኩ በአጭር ፊልም ይቀረጻል ተብሏል። ምን ልለማመድ? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጓደኞችሽ የሳቁት ችሎታ ስላነሰሽ አይመስለኝም። መፍራት የተመልካቹ ድርሻ ነው። አንቺ በማግሳትና ጥፍር በማውጣት ድርሻውን ቀድመሽ ስትወስጂበት የሚቀረው መሳቅ ነው። አዘጋጁ «አስፈሪያቸው» ሲል ከአዳራሹ የሚፈልገውን ውጤት ነግሮሻል፤ በየትኛው እግርሽ ተነሥተሽ፣ ክብደትሽን የት አሳርፈሽ፣ አየር እንዴት ስበሽ እንደምትገቢ ግን አልነገረሽም። ብዙ አዘጋጆች ይህን ያህል ዝርዝር ውስጥ አይገቡም፤ ያ የተዋናይ ሥራ ነው። ስለዚህ ማግሳቱን ለጊዜው ተዪው። ወደ መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ።

ጭራቁ ራሱን ጭራቅ ብሎ አይጠራም። ራቡን ያውቃል፣ ጨለማውን ያውቃል፣ ልጆቹ የተደበቁበትን ቤት ሽታ ያውቃል። በተረቶቻችን ውስጥ ሰው እንደሚበላ ይነገራል እንጂ መልኩ እምብዛም አይዘረዘርም፤ እኔ የሰማኋቸው ተራኪዎች ጥርሱን ወይም ጠጉሩን ጠቅሰው ያልፉ ነበር። ይህ ለአንቺ ትልቅ ነፃነት ነው፤ ገላውን የምትፈጥሪው አንቺ ነሽ። የፈጠርሽውን ገላ ሕግ ግን ሳታፈርሺ መጠበቅ አለብሽ። ጭራቅሽ አንገቱን ለብቻው ማዞር የማይችል፣ ዞር ሲል ደረቱ አብሮ የሚዞር ፍጡር ነው ካልሽ፣ ከመጀመሪያው ትዕይንት እስከ መጨረሻው አንገቱ ለብቻው አይዞርም፤ ከመድረክ ጀርባ ዕቃ ወድቆ ቢያስደነግጥሽም አይዞርም። ተመልካቹ ሕጉን በቃል ሊነግርሽ አይችልም፤ ሲፈርስ ግን ወዲያው ይታወቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው ልብስ የለበሰች ልጅ ናት። ሦስት ወይም አራት ሕግ ይበቃሻል። ከዚያ በላይ ካበዛሽ መጫወት ትተሽ ማስታወስ ትጀምሪያለሽ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ጣል ላድርግ። የእኛ መድረክ ያደገው በቃል ነው። በብሔራዊ ቴአትርም ሆነ በሀገር ፍቅር ተመልካች ትልልቆቹን ተዋንያን የሚያነሣቸው በድምፃቸው ግርማና በአነጋገራቸው ነው። ይህ ሀብት ነው፤ አላማርርበትም። ነገር ግን ከአንገት በታች ያለው ገላ ብዙ ጊዜ የልብስ መስቀያ ሆኖ ይቀራል፤ ቃለ ተውኔት የሌለው ሚና ሲመጣም ተዋናዩ ባዶ እጁን የቀረ ይመስለዋል። የሚያስቆጨው ደግሞ የዘመናዊ ቴአትራችን መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከመቶ ዓመት በፊት ያዘጋጁት «ፋቡላ» የአውሬዎች ኮሜዲያ መሆኑ ነው። በአውሬ ጀምረን አውሬ መጫወት የሚያስተምረን ጠፋ።

በክብደት ጀምሪ። ባዶ እግርሽን ቁሚና ክብደትሽ የት እንዳረፈ አድምጪ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ወደ እግር ጣቶችሽ አሻግሪው፤ ወደ ውጭኛው የእግርሽ ጠርዝ ውሰጂው፤ አንድ እግር ላይ ብቻ አሳርፊው፤ በእያንዳንዱ ሁኔታ ክፍሉን ዙሪ። ሰው ሁሉ ሲሄድ የሚመራው አንድ የአካል ክፍል አለው። ኩሩው በደረቱ ይመራል፣ የቸኮለው በግንባሩ፣ የጠገበው በሆዱ። ለጭራቅሽ ሰው የማይመራበትን ቦታ ፈልጊለት፤ የታችኛው ጎድን ሊሆን ይችላል፣ አንዱ የትከሻ አጥንት ሊሆን ይችላል፣ ማጅራትም ሊሆን ይችላል። ማጅራትን ከመረጥሽ፣ ከኋላ ማጅራትሽን የያዘ እጅ ወደፊት እየገፋሽ ነው ብለሽ ተራመጂ። ራስሽ ያቀረቅራል፣ ጉልበትሽ ለመከተል ይዘገያል፣ ጭምብሉም ከሥር ወደ ላይ ማየት ይጀምራል። አንዲት ውሳኔ ይህን ሁሉ ታመጣለች።

ቀጥለሽ ወደ እንስሳት ውጪ። እ.ኤ.አ. በ1954 በፊልም የታወቀውን ግዙፍ ጭራቅ፣ የመጀመሪያውን ጎድዚላ የተጫወተው ጃፓናዊው ሀሩዎ ናካጂማ ቶኪዮ ወደሚገኘው የኡኤኖ የእንስሳት ማቆያ እየሄደ ዝሆንና ድብ ሲራመዱ ያጠና ነበር። የመጀመሪያው ልብሱ 100 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ስለነበር በዝግታ ከመራመድ ሌላ ምርጫም አልነበረው፤ እርሱ ግን የልብሱን ክብደት የፍጡሩ ክብደት አደረገው። ለአንቺ ቅርብ የሆነው በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለው አንድነት ፓርክ ነው። ጥቁር ጋሜ ያላቸውን አንበሶች ስታዪ ጥርሳቸውን እርሽው። ሲራመዱ ትከሻቸውን ተመልከቺ፤ ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች በየተራ ከጀርባው በላይ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፣ ራሱ ግን እምብዛም አይወዛወዝም። ይህን ከትከሻሽ ማውጣት ትችያለሽ።

ጅብንም አስቢ። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አንገቱ ወፍራም፣ ራሱ ዝቅ ያለ ነው። የሚያነክስ የሚመስለው በዚሁ አቋሙ ምክንያት ነው። ተዋናዮች ጅብ ተጫወቱ ሲባሉ ወዲያው ማነከስና መሳቅ ይጀምራሉ፤ አንቺ ግን ተዳፋቱን ውሰጂ። ደረትሽን ከፍ፣ ዳሌሽን ዝቅ፣ ራስሽን ከትከሻሽ በታች አድርገሽ ስትሄጂ ማንም «ጅብ» አይልሽም፤ የሆነ ነገር ግን ይቀፈዋል። በሌሊት ከእንጦጦ በኩል የሚወርዱትን ቀርበሽ እንድታጠኚ አልመክርሽም፤ ቪዲዮ ይበቃል። ከእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ነገር ብቻ ውሰጂ። ሁሉንም ከአንዱ ከወሰድሽ ጅብ ተጫወትሽ ማለት ነው፤ ተውኔቱ የሚፈልገው ደግሞ ጭራቅ ነው።

እግር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ተዋናይ የሚወድቀው እዚህ ነውና። የፍየል ወይም የውሻ የኋላ እግር ጉልበቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ይመስላል። ያ የምናየው መታጠፊያ ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ እውነተኛው ጉልበት ከፍ ብሎ ሆዱ አጠገብ ተደብቋል፣ እንደ እኛውም ወደፊት ይታጠፋል። ውሻና ድመት የሚራመዱት በጣቶቻቸው ነው፤ ፍየልና ፈረስ በሰኮናቸው ጫፍ። ስለዚህ ተረከዝሽን አንሥተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ዳሌሽን ዝቅ አድርገሽ ስትራመጂ እግርሽ የሰው እግር መሆኑ ይጠፋል። ባትሽ ይቃጠላል። ሰውነትሽን ካሞቅሽ በኋላ ለአጭር ጊዜ ብቻ ሞክሪው፣ ቀስ በቀስ አስረዝሚው፤ ሙሉ ትዕይንት በዚህ አቋም የሚጠይቅ አዘጋጅ ካለ ራሱ አንድ ጊዜ እንዲሞክረው ጋብዢው።

በአራት እግር መሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የሰው ክንድ ከእግሩ ያጥራል፤ እጅሽን መሬት ስታሳርፊ መቀመጫሽ ወደ ላይ ይወጣል፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሕፃን ሁሉም አባቱ ፈረስ የሆነለትን ቀን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በወጡት የዝንጀሮዎች ፕላኔት ፊልሞች የተሳተፉ ተዋንያን እጃቸው ላይ ማራዘሚያ በትር እየያዙ የተለማመዱት ለዚህ ነው፤ የሰርከስ ሰው የነበረው ቴሪ ኖታሪ አሠልጥኗቸዋል። አንቺ ማራዘሚያ ከሌለሽ ጉልበትሽን በጣም አጥፈሽ ዳሌሽን ከትከሻሽ ጋር እኩል አድርጊው። የእግር ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ጭነት የያዘ አህያ መንገድ ላይ ስታገኚ ትንሽ ተከተይው። በዝግታ ሲራመድ መጀመሪያ የግራ የኋላ እግሩን፣ ከዚያ የግራ የፊቱን፣ ከዚያ የቀኝ የኋላውን፣ ከዚያ የቀኝ የፊቱን ያነሣል። የሚድህ ሕፃን ግን ብዙውን ጊዜ ቀኝ እጁንና ግራ ጉልበቱን አንድ ላይ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ እኛም ሳናስበው እንደዚያ እናደርጋለን። ተመልካቹ ልዩነቱን አያውቀውም፣ ዓይኑ ግን ያውቀዋል። በጠቅላላው ግን በአራት እግር መሄድን ለአንድ ቅጽበት ብቻ አስቀምጪው። ቆሞ ሲሄድ የነበረ ፍጡር ድንገት እጁን መሬት ሲያሳርፍ የሚያመጣውን ነገር ተውኔቱን ሙሉ ስትድሂ አታገኚውም።

አሁን ወደ ትንፋሽ። ፊትሽ ሲሸፈን ሕይወት ያለሽ መሆንሽን የሚናገረው ጎድንሽ ነው። የኬፕ ታውኑ ሀንድስፕሪንግ የአሻንጉሊት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን መድረክ ላይ በሦስት ሰው የሚንቀሳቀስ ፈረስ አቅርቦ ነበር። የፈረሱ አካል ቢታይ ሸምበቆና ጨርቅ ነው፤ አንቀሳቃሾቹም አይደበቁም። ተመልካቹ ግን ፈረስ ነው ብሎ ያመነው ስለሚተነፍስ ነው። ሳይንቀሳቀስ ቆሞ እንኳ ይተነፍሳል፤ ሲሰጋ ትንፋሹ ይቆማል፣ ሲረጋጋ ይለቀቃል። ለጭራቅሽ የትንፋሽ ቦታ ምረጪ። በሆድ የሚተነፍስ ፍጡር የተኛ ይመስላል። በላይኛው ጀርባ፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል የሚተነፍስ ፍጡር ግን ከኋላ ሲታይ ውስጡ ሌላ ነገር ያለ ይመስላል። ወለሉ ላይ በደረትሽ ተኝተሽ፣ ጓደኛሽ መዳፏን ጀርባሽ ላይ አሳርፋ፣ መዳፏን በትንፋሽ ብቻ ማንሣት ተለማመጂ። ሲሳካ ለታዳሚው ጀርባሽን ሰጥተሽ ግቢ። ጭምብሉን ከማየታቸው በፊት ጀርባው ሲተነፍስ ይዩት።

ስለ ትንፋሽ ሌላም ምክንያት አለኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት፤ ጭምብልና ስፖንጅ ለብሰሽ ስትሮጪ ከምታስቢው ፈጥኖ ይደክምሻል። ያለከለከ ጭራቅ ደግሞ አያስፈራም፣ ያሳዝናል። ሩጫዎችሽን ከትንፋሽ ጋር አብረሽ ልኪያቸው። መተንፈሻ ቦታሽንም ከአዘጋጁ ጋር አስቀድመሽ ተስማሚ።

በእጅሽ ያለ ትልቅ ሀብት እስክስታ ነው። እዚህ ሀገር ያደገ ሰው ትከሻውን ከወገቡ፣ አንገቱን ከትከሻው ለይቶ ማንቀሳቀስ ከልጅነቱ ይለምዳል። የምትወጂውን እስክስታ ምረጪ፣ ሙዚቃውን አጥፊው፣ ከዚያ እንቅስቃሴውን ዓይን ሊከታተለው እስኪሰለች ድረስ አዝግሚው። ትከሻዎችሽ እርስ በርሳቸው እንደማይተዋወቁ ሁለት እንስሳት መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ቀጥሎ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አስቀሪው። መለኪያው ቀላል ነው፤ ከተመልካቹ አንድ ሰው ማጨብጨብ ከጀመረ ወደ ጭፈራው ተመልሰሻል።

በአንድ ነገር ግን አልደራደርም። አካል ጉዳተኛን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ወይም ዛር ሲያጓራው ያየሽውን ሰው ቀድተሽ ጭራቅ አታድርጊው። በስንፍና የሚሠራ የጭራቅ ጨዋታ ሁልጊዜ ወደዚህ ይንሸራተታል፤ እግር መጎተት፣ እጅ ማጣመም፣ መንዘፍዘፍ። አዳራሹ ውስጥ በክራንች የመጣ ልጅ ሊኖር ይችላል። ከዚያም በላይ በሙያም ሲመዘን ደካማ ነው፤ ተመልካቹ የሚያውቀውን ሰው እያየ የማያውቀውን ፍጡር ሊፈራ አይችልም።

ስለ ጊዜ ልናገር። የሰው እንቅስቃሴ የተለመደ ፍጥነት አለው፣ ጀምሮ እስኪጨርስ ፍጥነቱ ብዙም አይለዋወጥም። ፍጡር የሚሆነው ይህ ሲቀየር ነው። አጥር ላይ እስስት ካገኘሽ ቆመሽ እያት፤ እግሯን ከማሳረፏ በፊት ወደፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዛለች፣ ሁለቱ ዓይኖቿም በየራሳቸው ይዞራሉ፤ ምላሷ ግን ሲወረወር ዓይን አይይዘውም። ረጅም ዝግታ፣ ከዚያ ያላስጠነቀቀ ፍጥነት፣ ከዚያ ተመልሶ ዝግታ። ቄራ አካባቢ የሚያንዣብቡትን ጥንብ አንሣዎችም ተመልከቺ፤ ወፍ ዓይኗን በጉድጓዱ ውስጥ እንደልቧ ስለማታዞር የምታየው ራሷን በማዞር ነው፤ ስለዚህ ራሷ አንድ ቦታ ቆሞ ይቆይና ድንገት ወደ ሌላ ቦታ ይዘላል፣ መሐሉ የለም። እንግሊዛዊቷ ኤልሳ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1935 በፊልም የፍራንከንስታይንን ሙሽራ፣ ለሰው ሠራሹ ጭራቅ የተሠራችውን ሴት፣ ስትጫወት የታወቀውን እንደ እባብ «ሽሽ» የሚል ድምፅዋን የወሰደችው ለንደን ሪጀንትስ ፓርክ ውስጥ ካሉት የተቆጡ ዳክዬ መሰል ትልልቅ ነጭ ወፎች ነው። ፊልሙ ውስጥ የምትታየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዘጠና ዓመት በኋላም ትታወሳለች።

ጭምብሉ የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው። ፓሪስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1956 የቴአትር ትምህርት ቤት የከፈተው ዣክ ለኮክ ተማሪዎቹን የሚያስጀምራቸው ምንም ስሜት በማያሳይ ጭምብል ነበር፤ ፊት ዝም ሲል ገላ ምን እንደሚናገር እንዲሰሙ። አንቺም ከባዶ ጭምብል ጀምሪ፤ ነጭ ካርቶን ቆርጠሽ ሁለት ቀዳዳ ብታወጪለት ይበቃል። ከመስታወት ፊት ብዙ አትቆዪ፤ የምትፈልጊው ሌላ ሰው እንዲያይልሽ ነው። ጭምብል ከፊት ሲታይ አንድ ነው፣ አገጩ ሲወርድ ሌላ፣ በግማሽ ሲዞር ሌላ። እያንዳንዱን አቅጣጫ ፈልገሽ ስም ስጪው። ዓይንሽን አዙረሽ ማየት ለተመልካቹ ስለማይታይ በአፍንጫሽ እይ፤ አፍንጫው ወደ በሩ ከዞረ ጭራቁ በሩን አየ። ሰው ፊት ጭምብልሽን በእጅሽ አትንኪ፣ አታስተካክዪ።

ማየትሽ ግን ይቀንሳል። አሜሪካዊው ዳግ ጆንስ፣ በፓንቶማይም (ያለ ቃል በገላ ብቻ በሚቀርብ ትወና) ጀምሮ ዛሬ በፍጡር ጨዋታ ከሚታወቁት ዋነኛው የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የጊየርሞ ዴል ቶሮ ፊልም ዓይኖቹን መዳፉ ላይ ያደረገውን ገርጣ ፍጡር ሲጫወት የሚያየው በጭምብሉ አፍንጫ ቀዳዳዎች በኩል ነበር። እርምጃሽን ቁጠሪ። ከመድረኩ ጫፍ ቀድሞ በእግርሽ የምታውቂው ነገር እንዲኖር ምንጣፍ ሥር ቀጭን ገመድ አስደርጊ። ሲጨንቅሽ ወይም አየር ሲያጥርሽ የምታሳዪው የእጅ ምልክት ይኑርሽ፤ ከመድረክ ጀርባም ይህን ምልክት ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይመደብልሽ። ስፖንጁ ሙቀት ያፍናል፣ ውኃ ጠጪ። ሙጫ ወይም ላቴክስ ቆዳሽን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ከቀናት በፊት ክንድሽ ላይ ትንሽ ቀብተሽ ፈትኚው።

ፊት ሲሸፈን እጅ ይነግሣል። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን በጭራቅነት የታወቀው ሎን ቼኒ ወላጆቹ መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእጅና በገላ መናገር ለምዶ አደገ። ጣቶችሽን ጥፍር አታድርጊያቸው። ዕቃ እንዴት እንደሚያነሡ ወስኚ፤ በአውራ ጣት የማይጠቀም ፍጡር ጽዋ ሲያነሣ እይው። ትዕይንቱ ላይ ጭራቁ በር የሚከፍትበት ቦታ ካለ ሙሉ ሳምንት ብትሰጪው አይበዛም።

ቁመትሽን በተመለከተ፣ ጉዳዩ እንደምትፈሪው አይደለም። እውነት ነው፣ ረጃጅሞች ይመረጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን የጠፈር ጭራቅ ፊልም «ኤሊየን»ን የተጫወተው ቦላጂ ባዴጆ ለንደን ውስጥ ግራፊክስ ዲዛይን የሚማር ናይጄሪያዊ ነበር፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር። ነገር ግን ቁመቱ ብቻውን አልበቃም፤ ዝግታን እንዲማር ታይ ቺ የተባለውን በዝግታ የሚሠራ የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴና ፓንቶማይም አሠልጥነውታል። በሌላው ጫፍ እ.ኤ.አ. በ1982 ለወጣው፣ ከጠፈር ስለመጣ ትንሽ ፍጡር ለሚተርከው «ኢ.ቲ.» ፊልም የፍጡሩ ልብስ ውስጥ ገብተው ከሠሩት መካከል እግር ሳይኖረው የተወለደ ልጅ ነበር፤ በእጁ እየሄደ። ገላ እንደሆነው ሆኖ ነው መሣሪያ የሚሆነው። አንቺ አጭር ስለሆንሽ ረጅም ተዋናይ የማይገባበት ቦታ ትገቢያለሽ፤ ከአልጋ ሥር፣ ከመሶብ ጀርባ፣ ከሰው ብብት ሥር። ለሕፃን ተመልካች ደግሞ በእርሱ ዓይን ከፍታ ላይ ያለ ፍጡር ከጣራ ከሚደርሰው ይበልጥ ቅርብ ነው።

ግዝፈትን የሚሰጡሽ አብረውሽ የሚጫወቱት ናቸው። ይህን ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው፤ መሳቁን ትተው የሚያግዙት ነገር ያገኛሉ። ጭራቁ ከመታየቱ በፊት አንዱ ንግግሩን ያቁም፣ ሌላዋ ልጁን ወደ ራሷ ትሳብ፣ ሦስተኛው ሳያውቀው አንድ እርምጃ ያፈግፍግ። አንቺ ካለፍሽ በኋላ ከሆነ የሚደነግጡት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ በየመድረኩ የማየው ስሕተትም ይኸው ነው። ጭራቅሽ ሰው መስሎ የሚገባበት ትዕይንት ካለ ደግሞ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለውን ጅብ አስታውሺ። ከመጠን በላይ ጨዋ ይሁን፣ ጎንበስ ይበል፣ ወንበሩን በእጁ ጠርጎ ይቀመጥ፤ ሕጎቹ ግን ከጨዋነቱ ሥር ይቀጥሉ።

ልጆች ስላሉ አንድ ጥንቃቄ። ጭምብሉን በአንድ ልጅ ላይ ቀጥ አድርገሽ አታቆሚ፤ ለእርሱ ጨዋታው እዚያው ላይ ያልቃል። ስታለቅስ ያየሻት ልጅ ካለች ፊትሽን ሳትቸኩዪ ወደ ሌላ አዙሪ። ጭራቁ የማይችለው አንድ ነገር ይኑረው፤ ደረጃ መውጣት፣ ወይም የተቋጠረ ነገር መፍታት። ልጆች ድክመቱን ሲያዩ ፍርሃታቸውን ይዘው መቀመጥ ይችላሉ፤ ወላጆቻቸውም እንደዚሁ።

ፊልሙ ሌላ ሚዛን ነው፤ በአጭሩ ላልፍ። ካሜራው ጣትሽን ሲያቀርበው መድረክ ላይ የሠራሽው ሁሉ ይበዛል፤ አብዛኛውን ቀንሺ። የምትወስጂው አንድ ዘዴ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የጃፓኑ «ሪንጉ» ላይ ከጉድጓድ ወጥታ የምትመጣውን ሴት የተጫወተችው ሪዬ ኢኖ ካቡኪ የተባለው የጃፓን ባህላዊ ቴአትር ሥልጠና የነበራት ተዋናይት ናት። ወደ ኋላ እየሄደች ተቀረጸችና ፊልሙ ተገልብጦ ታየ። ወደፊት እየመጣች ነው፣ ክብደቷ ግን በተሳሳተው ጊዜ ይወርዳል። በስልክሽ ዛሬውኑ ልትሞክሪው ትችያለሽ፤ ቀርጸሽ ካየሽ በኋላ ደግሞ የተገለበጠውን አካሄድ ያለ ካሜራ ለመድገም ሞክሪ። መቶ በመቶ አይሳካም፤ የሚሳካው ክፍል ለመድረኩ ይሆንሻል።

ድምፁን አሁን ጨምሪ፤ ገላው ከቆመ በኋላ ከራሱ ይመጣል። ማግሳት የድምፅ አውታርሽን ይጎዳል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚታይ ተውኔት ከሆነ በሳምንቱ መጨረሻ ድምፅ አይኖርሽም። የላንቸስተር ዓይነቱ «ሽሽ» የሚል ድምፅ የድምፅ አውታር አይነካም፤ አየር፣ ጥርስና ምላስ ብቻ ነው። በጭምብል ውስጥ ሆነሽ አየር ስትስቢ የሚሰማውንም አድምጪው፤ ምናልባት ከዚያ በላይ ድምፅ አያስፈልግሽም። ማግሳቱን ካስፈለገ አንድ ጊዜ፣ ማንም ባልጠበቀበት ቦታ አድርጊው።

ነገ ልምምድ ስትገቢ አዘጋጁን አንድ ነገር ጠይቂው፦ እውነተኛው ጭምብል መቼ ይደርሳል? በሙሉ አልባሳት በሚደረገው የመጨረሻ ልምምድ ላይ ነው ካለሽ አትቀበዪ። አልባሳት ክፍሉ የጭምብሉን ክብደትና የዓይን ቀዳዳዎቹን ስፋት አስቀድሞ ይንገርሽ፤ በካርቶንና በስፖንጅ ተመሳሳዩን ሠርተሽ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ለብሰሽው ተለማመጂ፤ ጫማውንም እንደዚሁ።